ለግድግዳው ሲባል የተቆረጠ ሥዕል፤ በድረ ገጽ ላይ ስላለው የሥዕል አደራደር የቀረበ ትችት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ሥዕሎች በድረ ገጽ ላይ ሲወጡ በምን ዓይነት አደራደር ቢቀመጡ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን የኮምፒዩተር ሠራተኛ ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሳችን ስለ ሆነ ሳንሸሽግ ከእርሱ እንጀምራለን።

የሥዕል ተማሪዎች የሆኑ ባልንጀሮቻችንን ሥራ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ለማውጣት ተስማምተን ነበር። ሥራው ሲከፋፈል የመደርደሩን ነገር እኛ ወሰድነው። ሥዕሎቹ ሁሉ ጎኑ እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚገቡበትን አደራደር መረጥን፤ ምክንያታችንም ንጹሕና ሥርዓት ያለው ስለ መሰለን ብቻ ነው። ገጹ በተከፈተ ማግሥት ከሠዓሊዎቹ አንዱ መጥቶ ስልኩን አሳየን። የእርሱ ሥዕል በአግድም በጣም የረዘመ ነው። በግራው ጫፍ አንዲት እናት በደጃፏ ቆማለች፤ በቀኙ ጫፍ ልጇ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ መንገድ ነው። የእኛ አራት ማዕዘን ሁለቱን ጫፎች ቆርጦ መካከሉን ብቻ አስቀርቶት ነበር። ሠዓሊው አልተቆጣም። «እኔ የሣልሁት መለያየትን ነው፤ እናንተ ያወጣችሁት መንገድ ነው» አለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልዩ ልዩ ሙዚየሞችና ማኅበሮች ሥዕሎቻቸውን በኢንተርኔት እንዴት እንደሚያቀርቡ ስንመለከት ቆይተናል። የደረስንበትም ፍርድ ይህ ነው፤ አደራደር ማለት ሥዕሉ ከተመረጠ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን ሥዕሉ ምን እንደሚል የሚወስን ሥራ ነው፤ ስለዚህ አደራደሩ ለሥዕሉ መታዘዝ አለበት እንጂ ሥዕሉ ለአደራደሩ ሊታዘዝ አይገባም። ከዚህ በታች ምክንያታችንን በየተራው እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ የ1715ቱ መቀስ

ሥዕልን ለቦታው ሲሉ መቁረጥ ዛሬ የተፈለሰፈ ጥፋት አይደለም። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1642 ዓ.ም. የአምስተርዳምን ከተማ ዘበኞች የሚያሳየውንና «የሌሊት ዘብ» እየተባለ የሚጠራውን ታላቅ ሥዕል ሠራ። ሥዕሉ በ1715 ዓ.ም. ከመጀመሪያው አዳራሽ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር የተመደበለት ግድግዳ አልበቃውም። በዚህ ጊዜ ሥዕሉን ከአራቱም ጎን ቆረጡት። ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው ግራው ሲሆን ከዚያ በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተወስዷል። የተቆረጡት ቁራጮች እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ጉዳቱ የሸራ መቀነስ ብቻ አልነበረም። በሬምብራንት አሣሣል ሻምበሉና ምክትሉ ከመካከል ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብለው ነበር፤ በግራ በኩል የተተወላቸው ቦታም ጭፍራው ወደዚያ መራመድ መጀመሩን ለተመልካች ያሳውቅ ነበር። ግራው ሲቆረጥ ሁለቱ ሰዎች ልክ መካከል ላይ ወደቁና ጉዞው ደከመ። ይህን ልናውቅ የቻልነው ጌሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ ሥዕሉ ሳይቆረጥ በፊት በትንሽ መጠን ገልብጦት ስለ ነበረ ነው። ሥዕሉን የሚጠብቀው የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም በ2021 ዓ.ም. ይህን ግልባጭ መሠረት አድርጎ፥ በሰው ሠራሽ አእምሮ እየታገዘ፥ የጎደሉትን ክፍሎች አሠርቶ ለጊዜው በሥዕሉ ዙሪያ አኑሯቸው ነበር።

የ1715 ሰዎች ቢያንስ አንድ ምክንያት ነበራቸው፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው፥ አይለጠጥም። የድረ ገጽ ግድግዳ ግን ወደ ታች እስከ ፈለጉት ድረስ ይረዝማል። ታዲያ የማያልቅ ግድግዳ ተሰጥቶን ሥዕል የምንቆርጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

፪፤ የዳማው አደራደር

ሁሉን ሥዕል በእኩል አራት ማዕዘን የሚከተውን አደራደር የዳማ ገበታ ስለሚመስል «የዳማ አደራደር» እንለዋለን። በዚህ አደራደር ገጹ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ «ሣጥኑን ሙላ፤ የተረፈውን ቁረጥ» የሚል ነው። «ሥዕሉን በሙሉ አካትት፤ ባዶ ቦታ ቢተርፍም ይትረፍ» የሚል ሌላ ትእዛዝም አለ፤ ነገር ግን ገጹ የተዘበራረቀ እንዳይመስል ብዙዎች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ።

ይህን ልማድ ያስፋፋው በከፊል ኢንስታግራም ይመስለናል። ይህ መገናኛ በ2010 ዓ.ም. ሲጀመር ፎቶግራፍ ሁሉ እኩል አራት ማዕዘን እንዲሆን ያስገድድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የአግድምና የቁም ምስል ተፈቀደ፤ ይሁን እንጂ በየሰው ገጽ ላይ የሚታየው ድርድር እስከ 2025 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በአራት ማዕዘንነቱ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ቁመት ረዘም አለ። ለፊት ወይም ለምግብ ፎቶግራፍ ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ለሥዕል ግን ሒሳቡን መመልከት ይገባል። ስፋቱ ከቁመቱ ጋር 4 ለ 3 የሆነ ሥዕል በዳማው ውስጥ ሲገባ አንድ አራተኛው ይጠፋል፤ 3 ለ 2 የሆነ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል፤ 2 ለ 1 የሆነ ግማሹ ይጠፋል። የሌሊት ዘብ ዛሬ ባለበት መጠን እንኳ ከስፋቱ አንድ ስድስተኛ ያህል እንደገና ይቆረጥበታል። የ1715 መቀስ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ስናሰማ አንድ መምህራችን ተቃወሙን። «ትንሹ ምስል በር ነው» አሉን። «በሩን የነካ ሰው ሙሉውን ሥዕል ያገኛል፤ በር ደግሞ እንደ ቤቱ ሰፊ እንዲሆን አይጠበቅም።» አነጋገራቸው ብርቱ ስለ ሆነ ብዙ አሰብንበት። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ ብዙው ተመልካች በሩን አይቶ ያልፋል እንጂ አይገባም፤ ለእርሱ ያ ቁራጭ ሥዕሉ ራሱ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፥ በር የቤቱን መልክ ባያሳይ ጥፋት የለበትም፤ ቁራጩ ግን የሌላ ቤት መልክ ያሳያል። የባልንጀራችንን ሥዕል በቁራጩ ያየ ሰው የገጠር መንገድ የሣለ መስሎት ያልፋል።

ከሥዕል ላይ አንድ ክፍል ነጥሎ ማሳየት በራሱ ጥፋት ነው አንልም። ራይክስሙዚየም በ2012 ዓ.ም. ራይክስስቱዲዮ የተባለውን የኢንተርኔት ክፍል 125,000 ያህል ምስሎችን ይዞ ሲከፍት ሰዎች ከሥዕሉ የወደዱትን ክፍል እየቆረጡ እንዲሰበስቡ ፈቅዶ ነበር። ይህ ግን ዓይን ያለው ሰው መርጦ የሚቆርጠው ነው፤ የቆረጠውም ዝርዝር መሆኑን ያውቃል። የዳማው መቀስ ሥዕሉን ሳያይ መካከሉን ይይዛል፤ መቁረጡንም ለተመልካች አይናገርም። የምንነቅፈው ይህን ስውርነት ነው።

ሥዕልን አጨናንቆ መስቀልም ከመቁረጥ ጋር አንድ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ይደረግ በነበረው ታላቅ የሥዕል ትርኢት ሥዕሎች ከወለል አጠገብ እስከ ጣሪያ ድረስ ተጠጋግተው ይሰቀሉ ነበር። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም በ1929 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ ዲሬክተሩ አልፍሬድ ባር ሥዕሎቹን ደብዘዝ ባለ ጨርቅ በተሸፈነ ግድግዳ ላይ በዓይን ትክክል በአንድ ረድፍ ሰቀላቸው። ሁለቱ በአሳብ እጅግ ይራራቃሉ፤ ሆኖም ሁለቱም ሥዕሉን ከነክፈፉ ሙሉ አድርገው ሰቅለዋል።

፫፤ ዓምድና ረድፍ

ሳይቆርጡ የሚደረድሩ ሁለት መንገዶች በሰፊው ተለምደዋል። አንደኛው እንደ ጋዜጣ በዓምድ መደርደር ነው፤ ሥዕሎቹ ሁሉ ወርዳቸው እኩል ይሆናል፥ ቁመታቸው ግን እንደ ተፈጥሯቸው ይለያያል። ፒንተረስት የታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው በረድፍ መደርደር ነው፤ በአንድ ረድፍ ያሉት ሁሉ ቁመታቸው እኩል ይሆናል፥ ወርዳቸው ግን ይለያያል። ፍሊከር በ2012 ዓ.ም. ይህን መንገድ ተከትሏል።

ሁለቱም ከዳማው እጅግ ይሻላሉ። ነገር ግን ሁለቱም ያዳላሉ፤ ማዳላታቸውንም በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሁለት ሥዕሎች እንውሰድ፤ አንዱ 3 ለ 2 የሆነ የአግድም ሥዕል፥ ሌላው 1 ለ 2 የሆነ የቁም ሥዕል። በዓምድ ደርድረን ለእያንዳንዱ 400 ፒክስል ወርድ ብንሰጥ፥ የአግድሙ ቁመት 267 ያህል ይሆናል፤ የቁሙ 800 ይሆናል። የቁሙ ሥዕል የያዘው ቦታ የአግድሙን ሦስት እጥፍ ነው። በረድፍ ደርድረን ለእያንዳንዱ 400 ፒክስል ቁመት ብንሰጥ ደግሞ፥ የአግድሙ ወርድ 600 ይሆናል፤ የቁሙ 200 ይሆናል። አሁን የአግድሙ የቁሙን ሦስት እጥፍ ቦታ ያዘ። እንግዲህ ዓምድ የቁሙን ጌታ ያደርጋል፤ ረድፍ የአግድሙን። ይህም የሚሆነው ከሥዕሎቹ የትኛው እንደሚበልጥ ማንም ሰው ሳይፈርድ ነው።

ስለዚህ የሚደረድረው ሰው አስቀድሞ በእጁ ያሉትን ሥዕሎች ቅርጽ መቁጠር አለበት። የቁም ሥዕል የሚበዛበት የቅዱሳን ሥዕሎች ስብስብ በረድፍ ቢደረደር ብዙ አይጎዳም፥ ሁሉም አብረው ስለሚጠቡ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። የአግድምና የቁም ሥዕል በተቀላቀለበት ስብስብ ግን አንድ ብቸኛ የቁም ሥዕል በረድፍ መካከል እንደ ቀጭን መስኮት ሆኖ ይቀራል፤ ለእንዲህ ያለው የብቻ ቦታ መስጠት ይሻላል። «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» የተባለው ዕቃው ለሚይዘው ነገር ተለክቶ እንዲመረጥ ለማሳሰብ ጭምር ይመስለናል።

፬፤ ተራና ጥንድነት

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ሥዕል ነው። ከሌላ ጋር ካልታየ ትርጉሙ የሚጎድል ሥዕልም አለ፤ በዚህ ረገድ የእኛ አገር ሥዕል ጥሩ መፈተኛ ነው።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየው ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ ይሣላል። እንደ ጽሕፈታችን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። አንድ ሰው እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ፎቶግራፍ አንሥቶ በ4 ዓምድ ቢያወጣው፥ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንዱን ዓምድ እስከ ታች ሞልቶ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። በየዓምዱ 11 ክፍል ይሆናል ማለት ነው። ተመልካች እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሲያነብ 1ኛውን፥ 12ኛውን፥ 23ኛውንና 34ኛውን አከታትሎ ያያል። ዘንዶው ሳይገደል ታሪኩ መካከል ላይ ይደርሳል። ከሥዕሉ አንድም ነገር አልተቆረጠም፤ ታሪኩ ግን ፈርሷል።

ጥንድ ሥዕልም እንዲሁ ነው። በሁለት ተጣጣፊ ሠሌዳ ላይ ከተሣሉት የአገራችን ቅዱሳት ሥዕሎች በብዙዎቹ ላይ በአንዱ ሠሌዳ እመቤታችን ልጇን ይዛ፥ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ሆኖ ይታያሉ። ሁለቱ ሠሌዳዎች የሚተያዩና አብረው የሚዘጉ ናቸው። በየብቻ ፎቶግራፍ ተነሥተው በተለያየ ረድፍ ላይ ሲወድቁ ጥንድ መሆናቸው ይቀራል። በብራና መጻሕፍትም የግራውና የቀኙ ገጽ አንድ ላይ የሚታሰቡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንድ ገጽ ብቻ የሚያሳይ አቀራረብ መጽሐፉን ወደ ተበተነ ወረቀት ይለውጠዋል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ተባብረው ባወጡት የምስል አቀራረብ ደንብ መሠረት፥ ምስሎቹ ተራ በተራ የሚገለጡ ገጾች መሆናቸውን ገና ሲመዘግቡ ማስታወቅ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ማሳያው ሁለት ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ያወጣል። የሚያስፈልገው ጥንድነቱን የሚያውቅ ሰው በመዝገቡ ላይ መኖሩ ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ደግሞ ከኮምፒዩተር ሠራተኛው ይልቅ ሥዕሉን ያጠና ሰው ነው።

፭፤ ትልቁና ትንሹ

ሬምብራንት በ1630 ዓ.ም. የራሱን ፊት ዓይኑን አፍጥጦ፥ አፉን ከፍቶ በመዳብ ላይ ቀርጾ አትሟል። ይህ ኅትመት ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሌሊት ዘብ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ይቆማል። በድረ ገጹ ድርድር ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን እኩል ሆነው ይታያሉ። በአገራችንም በአንገት ላይ የሚንጠለጠሉ የጣት ርዝመት ያላቸው ቅዱሳት ሥዕሎች አሉ፤ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፥ አፈወርቅ ተክሌ በሦስት ክፍል የሠሩት ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕል ደግሞ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንዱን ሰው በእጁ ይዞ ወደ ዓይኑ ያቀርበዋል፤ ሌላውን ለማየት ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ የሰውነት ልዩነት ከሥዕሉ ትርጉም ውስጥ የሚገባ ነው።

ድረ ገጽ ይህን ሙሉ በሙሉ ሊያስገኝ አይችልም፤ ቢሆንም ሊረዳ ይችላል። ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስም፥ ዓመቱና የተሠራበት ነገር ብቻ ሳይሆን ቁመቱና ወርዱም ይጻፍ። ከተቻለ አንድ ፎቶግራፍ ሥዕሉን በተሰቀለበት ቦታ፥ ወይም በሰው እጅ ላይ እንዳለ ያሳይ። እዚያው ላይ ሥዕሉን በቃል የሚገልጽ ሁለት መስመር ቢጨመር፥ ማየት የተሳነው ባልንጀራችን ስልኩ እያነበበለት ሊከታተል ይችላል።

፮፤ የምስሉ ክብደት

ይህ ክፍል ከሥዕል ጥናት የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ጨርሶ ካልታየ የተናገርነው ሁሉ ከንቱ ነው። 40 ሥዕል የያዘ ገጽ እያንዳንዱን በ3 ሜጋባይት ቢልክ 120 ሜጋባይት ይሆናል። ከኪሱ ከፍሎ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ተማሪ ይህ በር መዝጋት ነው። ለድርድሩ የሚሆነውን ምስል ወደ 150 ኪሎባይት አሳንሶ ቢያዘጋጁት ግን 40ው ሁሉ 6 ሜጋባይት ብቻ ይሆናሉ፤ ከእነዚህም ተመልካቹ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ የሚላኩ ቢሆኑ በመጀመሪያ የሚከፈለው ከዚያም ያንሳል። የእያንዳንዱ ሥዕል ቁመትና ወርድ አስቀድሞ ለገጹ ከተነገረው ደግሞ ቦታው ተጠብቆ ይቆያል፤ ካልተነገረው ሥዕሎቹ በደረሱ ቍጥር ገጹ እየዘለለ ተመልካቹ የሚያየውን ከዓይኑ ሥር ይነጥቀዋል።

እዚህ ላይ ወደ ሌሊት ዘብ እንመለስ። ራይክስሙዚየም በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ የዚህን ሥዕል ባለ 717 ቢሊዮን ፒክስል ምስል ለሕዝብ አውጥቷል፤ ምስሉ ከ8,439 ፎቶግራፎች የተገጠመ ነው። ይህን ያህል ምስል በስልክ ሊታይ የሚችለው ወደ ትንንሽ ሰቆች ስለ ተከፋፈለና ተመልካቹ የቆመበት ክፍል ብቻ ስለሚላክለት ነው። ይህም መቁረጥ ነው። ነገር ግን የ1715ቱ መቀስ ለግድግዳው ሲል ቆረጠ፤ የዳማው መቀስ ለገጹ ንጽሕና ሲል ይቆርጣል፤ ይህ ሦስተኛው ግን ሥዕሉን በሙሉ ለማሳየት ሲል ይቆርጥና መልሶ ይገጥመዋል። መሣሪያው አንድ ሆኖ የሚያገለግለው ጌታ ልዩ ልዩ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው አንድ ለሁሉ የሚሆን አደራደር አለመኖሩን ተረድተናል። የዳማው ለሥዕል ስብስብ አይገባም። ረድፍ ቅርጻቸው ለሚቀራረብ ሥዕሎች ይስማማል። ዓምድ ተራ ለሌላቸው እንጂ ታሪክ ለሚናገሩ ሥዕሎች አይሆንም። ጥንዱ ሳይለያይ፥ ታሪኩ ተራውን ጠብቆ፥ እጅግ የረዘመው ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ።

እኛም በዚህ መሠረት ገጻችንን እንደገና ደረደርነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ተቃንቷል አንልም። የባልንጀራችን ረጅም ሥዕል በኮምፒዩተር ላይ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ይዞ መልካም ሆነ፤ በስልክ ላይ ግን ቀጭን ሪባን ሆነና እናትየዋም ልጅየውም እንደ ጉንዳን አነሱ። ከሠዓሊው ጋር ተነጋግረን ሙሉውን ሥዕል ከላይ አስቀረን፤ ከሥሩም ሁለቱን ጫፎች እርሱ ራሱ መርጦ ቆረጣቸውና «ዝርዝር» የሚል ቃል ጻፍንባቸው። ስልክን በአግድም ማዞር እንደሚረዳም አስታወቅን። መንገዱ አሁንም በመካከል አለ፤ ነገር ግን ከማን ደጃፍ እንደሚነሣና ማን እንደሚሄድበት ይታያል።

ይህን ስናቀርብ ሥዕል ያላጠናን ተማሪዎች መሆናችንን አንዘነጋም። መምህራንና ባልንጀሮቻችን ያልታየን ነገር ቢያገኙ እንዲያርሙን፥ በተለይም ስለ ብራና ሥዕሎች አቀራረብ የሚያውቁ በሚቀጥለው እትም እንዲመልሱልን በትሕትና እንለምናለን።